ለወገቡ ሙቀት

ጥቅምት 14

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ውቢት ናት፣ የልጄ የእንየው ሚስት። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷው ናት። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። «ይለማመዱበት እማማ፣ እጅዎ እንዲፈታ» አለችኝ። ስለ እሷ እንደምጽፍበት አላወቀችም። ወይም አውቃለች።

የምደብቀው ከጎታው ኋላ፣ ከባዶው ማዳበሪያ ሥር ነው። የምጽፈው ደግሞ ቀን ቀን፣ እሷ ውሃ ስትወርድ።

ከተጋቡ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ልጅ የለም። ያስወረዳት እንኳ የለም። እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ እንየው ነው። አባቱ ገብረ ማርያም በሐምሌ ዝናብ ድንች ከጃርት ሲጠብቅ ብርድ ደረቱ ገብቶ ነው የሞተው። ዘሩ በዚህች ሴት ላይ ሊቆም ነው።

ጥቅምት 20

ውቢት ጤና ጣቢያ ውላ መጣች። ራሴን አሞኝ ነው አለች። ለራስ ምታት ያ ሁሉ ሰዓት? መርፌ እየተወጋች ይሆናል፣ እንዳትወልድ። የዘንድሮ ሴቶች ባላቸው ሳያውቅ ያደርጉታል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጥቅምት 28

ሁለቱ በአገውኛ ያወራሉ። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ተድሬ እንጅባራ ከመጣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ቋንቋውን ግማሽ ግማሹን እሰማለሁ። በዝግታ ሲናገሩት ነው የሚገባኝ። እነሱ ይህን ስለሚያውቁ ያፈጥኑታል።

ዛሬ ደጅ ቆመው ሲያወሩ ከመሃል «ምርመራ» የሚል ሰማሁ። እንየው ጮክ ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ እኔን ሲያዩ ስለ ላሟ ማውራት ጀመሩ። ላሟ ምን ሆነች?

ጎረቤቴ ወርቅአየሁ በአጥሩ በኩል አይታኝ፣ «ማናለብሽ፣ ደብተር አቅፈሽ ከምትውይ የልጅ ልጅ ብታዝዪ አይሻልም?» አለችኝ። ሰባት ወልዳለች፤ አፏ አያርፍም። ሳቅሁላት። በጥርሴ ብቻ።

ኅዳር 2

እንየው አዲስ የከሰል ክምር ለኮሰ። እዚህ አገር አሁን ሁሉም ሰው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይለበሳል፣ ውስጥ ውስጡን ሳምንት ያህል ይነዳል። ጠባቂ ከሌለው አፈሩ ይሰነጠቃል፤ እሳቱ አየር ካገኘ ደግሞ የዓመት ልፋት አመድ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ እዚያው ይተኛል።

ሜዳው ጠዋት ጠዋት በአመዳይ ነጭ ነው። ብርዱ ግን ልጄን አይነካውም። ከክምሩ ጥግ አፈሩን ደልድሎ፣ ወገቡን ለሙቀቱ ሰጥቶ ነው የሚተኛው። እንዲህ እንዲተኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አባቱም እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር። ማታ ማታ አረቄ በጠርሙስ እልክለታለሁ፣ ከውስጥ እንዲያሞቀው።

ኅዳር 8

ትናንት ቅዳሜ ስለነበር እንየውን አጠንኩት። ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ፣ በርጩማው ላይ አስቀምጬ፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌበት። ከዚያ ሳፋ ሙሉ የሚፋጅ ውሃ፣ እስከ ወገቡ። ይህን ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ አንድ ቅዳሜ አልዘለልኩም። ለወገቡ ነው። ለሌላ አይደለም።

«እማ፣ ተቃጠልኩ» አለኝ።

«ቻለው።»

ውቢት በሩ ላይ ቆማ፣ «እማማ፣ ይብቃው እንጂ» አለች።

«አንቺ ያላሞቅሽውን ነው የማሞቀው» አልኳት። መልስ አልሰጠችም። መልስ የማትሰጥ ሴት ታስፈራለች።

ኅዳር 16

ዳንግላ ሄደው ዋሉ፣ ሁለቱም። ጨርቅ ልንገዛ ነው ብለው። ሲመሽ ባዶ እጃቸውን ገቡ። እራት አልቀመሱም።

ኅዳር 17

ሣጥኗን ቆለፈችው። ድሮ አትቆልፍም ነበር። ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራለች፣ ከማተቧ ጋር።

ኅዳር 22

ትናንት ውሃው ከፈላ በኋላ እንየው አልታጠንም አለ።

«ለምን?»

«ሞቆኛል።»

በዚህ ብርድ! ውቢትን አየኋት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ማን ነው እምቢ በል ያለህ?»

«ማንም አላለኝም፣ እማ።»

አለቀስኩ። ሳለቅስ አይችልም፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ተቀመጠ። ውቢት ወጥታ እስኪጨርስ ድረስ ደጅ ቆመች፣ ነጠላ ብቻ ለብሳ።

አውቄ ነው ያለቀስኩት። ይህን ለማንም አልናገርም።

ኅዳር 27

የላክሁት አረቄ ሳይነካ ተመለሰ። ሲጋራውንም ትቷል። ያቺን የሚወዳትን ጠባብ ጂንስ ሱሪ ለጓደኛው ሰጠ። አሁን ደግሞ ከሰሉን ተው ትለዋለች አሉ። ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚለወጠው አንዳች ነገር ሲያቀምሱት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወጡን እኔ እሠራለሁ።

ኅዳር 29

ትናንትም አለቀስኩ። ተቀመጠልኝ።

ታኅሣሥ 4

በጋሪ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ሄጄ ለእንየው የምትሆን አንዲት ልጅ አየሁ። ዘጠኝ እህትና ወንድም አላት፤ እናቷ ምንጭ ናት ማለት ነው። ልጅቷ ትንሽ ትስቃለች እንጂ ነውር የላትም። ለእናቷ ቃል ሰጠሁ።

ስመለስ የአገር ሽማግሌው አያ አዝመራው ዘንድ ጎራ ብዬ ታኅሣሥ 20፣ እሑድ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨምሮ ቤቴ እንዲመጣ ለመንኩት። ውቢትን በሰላም ወደ አባቷ ቤት ይሸኙልኛል። ጥር ላይ ሠርግ ይሆናል።

«ልጁ ምን ይላል?» አለኝ።

«ልጁ እኔን ይሰማል።»

እኔም እንየውን እስካገኝ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። የእኔ ግን ሌላ ነው።

ታኅሣሥ 11

ልጻፍ።

ውቢት ገበያ ወጣች። ሣጥኗ ሳይቆለፍ ነበር። ቁልፉ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ከፈትኩት። መርፌ የተወጋችበትን ካርድ ነበር የምፈልገው። ከልብሶቿ ሁሉ በላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል፣ የዳንግላ ክሊኒክ ማኅተም ያለበት። ስም የሚለው ላይ የእሷን ጠበቅሁ። «እንየው ገብረ ማርያም» ይላል።

ሌላው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ አልችለውም። ጀርባውን ሳገላብጥ ግን የውቢት የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ለእኔ ስትጽፍልኝ እንደነበረው ተለቅ ተለቅ ያለ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የዘሩ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፣ ያለውም ደካማ ነው ይላል። ከክምሩ አጠገብ አይተኛ ይላል። ቀጥሎ እንፋሎት፤ «ፈጽሞ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። የሚፋጅ ውሃ ውስጥ አይቀመጥ። አረቄም አለ። ሲጋራም፣ ጠባብ ሱሪም። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ይመርመር።

ከታች፣ ከሌላው ራቅ ብሎ፦ «የእኔ ደህና ነው።»

ይህችን አራት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ እንደነበረ አስቀመጥኩት። ቁልፉንም እንደነበረ።

ለምን ሳይቆለፍ?

ታኅሣሥ 12

ራሷ ጽፋው ነው። ፊደል ያለው ሰው የፈለገውን ይጽፋል። ስትሄድ በእኛ ላይ ልትለጥፈው ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ውሃ አልጣድኩም። እንጨቱ እርጥብ ነው።

ታኅሣሥ 15

ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁና በሚኒባስ ዳንግላ ሄድኩ። ክሊኒኩን በማኅተሙ ስም እየጠየቅሁ አገኘሁት። ጤና መኮንኑ ፀጋው ይባላል፣ ልጅ እግር ነው። ውሸቷን ላጋልጥ ነበር የሄድኩት።

«የሌላ ሰው ምርመራ ለእርስዎ አልነግርም፣ እናቴ» አለኝ። «እናቱም ቢሆኑ።»

«የልጄን አይደለም። የጎረቤት ነው።»

ሳቀ። «የጎረቤትም አልነግርም። በጠቅላላው ከሆነ ይጠይቁኝ።»

«ወንድን የሚያመክነው ብርድ ነው ወይስ ሙቀት?»

«ብርድ ያመከነው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እግዚአብሔር የወንዱን ነገር ከገላ ውጭ ያንጠለጠለው ለምን ይመስልዎታል?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እሱ ግን ስለ ጎመን የሚያወራ ይመስል ቀጠለ። «ቀዝቀዝ እንዲል ነው። ከሰውነት ትንሽ ካልቀዘቀዘ ዘሩ በደንብ አይሠራም። ምድጃ ፊት የሚውል ዳቦ ጋጋሪ፣ ቀኑን ሙሉ ከመሪው የማይነሳ ሾፌር፣ ከሰል አክሳይ። ሁሉም ይመክናል ማለቴ አይደለም። የሚጎዳ ግን አለ።»

«ቅጠል አፍልቶ በእንፋሎት መታጠንስ? ለወገብ?»

«በየስንት ጊዜው?»

«በየሳምንቱ። ጎረቤቴ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን ነው እንዲህ የሚቀቅለው?»

ዓይኔን ወደ በሩ መለስኩ። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙቀቱ ብቻ ነው ምክንያቱ ብዬ አልምልም፤ ሌላም ይኖራል። ግን ሙቀቱ ሲቀር ብዙ ሰው ይሻሻላል። አዲስ ዘር እስኪሠራ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ መታገሥ ነው።»

«ባይሻሻልስ?»

«ያን ጊዜ ሌላ የምንመክረው አለ። ጥፋተኛ ፍለጋ ከሆነ የመጡት ግን እሱ እዚህ አይገኝም።»

አፉ ትልቅ ነው። ስመለስ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ነበር፤ እግሩ ሥር የሞተሩ ሙቀት ለእኔም ይሰማኛል። ወልደህ ይሆን ብዬ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝ።

ታኅሣሥ 17

ስንቅ ይዤ ወደ ክምሩ ወጣሁ። እንየው ከክምሩ ርቆ፣ ከዛፎቹ ሥር ኩርምት ብሎ ጋቢው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ጭሱ አፈሩን በቀደደ ቁጥር እየሮጠ ሄዶ አፈር ያለብሰውና ተመልሶ ይርቃል። በቀን እንዲህ ከሆነ ሌሊቱን እንዴት እያሳለፈው ነው? ስንት ሌሊት?

«ለምን ራቅህ?»

«ጭሱ ነው።»

«ወረቀቱን አንብቤዋለሁ።»

አካፋው ከእጁ ወደቀ። «ማን አነበበልሽ?»

«ራሴ።»

ረጅም ጊዜ ክምሩን አየ። «ውቢት እንዳትናገር በማርያም አስምያታለሁ።»

«አልተናገረችም።»

«መካን ስትያት እየሰማሁ ዝም አልኩ። ከዳንግላ ከመጣን በኋላ እንኳ።» ፊቱን በጋቢው ጠረገ። «አንቺ ግን እማ፣ ከዚያ በፊትም እኔን ትጠረጥሪ ነበር። ደህና ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ አይታጠንም።»

«ለወገብህ ነበር።»

«እሺ» አለ። «ለወገቤ።»

ስንቁን አስቀምጬለት ወረድኩ። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 19

ነገ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። አትምጡ ብዬ ልላክ እልና ምን ምክንያት እንደምሰጥ አጣለሁ። እውነቱን ካልኩ ልጄ በገበያ መሃል አንገቱን ቀና አድርጎ አይሄድም። ዝም ካልኩ ደግሞ እሷ ትሄዳለች፣ ስሙንም ሳትነካ ትሄዳለች፤ አሁን ይህን አውቃለሁ። ለአምስት ዓመት የማላውቃትን ሴት በአንድ ወረቀት ማወቅ ምን ይባላል?

ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ማን ነገራት?

ታኅሣሥ 20

መጡ። አያ አዝመራውና ሁለት ሰዎች። ወርቅአየሁም ሳትጠራ ገብታ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች። እንየው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ውቢት ጠላውን ቀድታ፣ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠች፣ እንደ መንገደኛ።

አያ አዝመራው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማናለብሽ፣ በይ ያስጠራሽንን ተናገሪ።»

«ጉዳዩ ቀርቷል።»

«እንዴት ይቀራል? ግምጃ ቤት ድረስ ሄደሽ ቃል ሰጥተሽ የለም እንዴ?»

«ቀርቷል አልኩ። ለዚያችም እናት እኔው እነግራታለሁ።»

«ምነው? ምራትሽ ፀነሰች?» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«አልፀነሰችም።»

«ታዲያ ጥፋቱ ከማን ነው?»

እንየው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀና አለ። አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት፣ ቀደምኩት።

«ከእኔ ነው።»

ወርቅአየሁ ጭኗን መታች። «በስድሳ ሦስት ዓመትሽ ልትወልጂልን ነው እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ጠላው ከዋንጫው እስኪፈስ። ተዋቸው፣ ይሳቁ አልኩ በልቤ። በእኔ ይሳቁ። እንየው አልሳቀም። ውቢትም አልሳቀችም።

ሲወጡ አያ አዝመራው ወደ ኋላ ቀረ። «አማትሽም በአንቺ ላይ ሽማግሌ ሰብስባ ነበር፣ በሰባተኛው ዓመት። እኔም ነበርኩበት።»

«ረስቼዋለሁ።»

«አልረሳሽውም» አለና ዱላውን አንስቶ ሄደ።

ታኅሣሥ 21

ጠዋት ውቢት ፊቴ መጥታ ቆመች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ከዚህ ቤት እንወጣለን» አለች።

«ሽማግሌዎቹን መለስኩልሽ እኮ።»

«መለሱልኝ። ግን ከሰው ፊት መካን ሲሉኝ አራት ዓመት አልፏል። ሌሊት ሌሊት እኔ ነኝ ወይ እያልኩ ራሴን ስመረምር፣ እርስዎ እዚያው እሱን ያጥኑታል። እየጠረጠሩት እኔን ሰደቡ።»

«ሣጥኑን አውቀሽ ነው የተውሽው።»

«አዎ። ላለመናገር ማልኩ እንጂ ለመቆለፍ አልማልኩም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ጥር 14

ሄዱ። ዳንግላ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። እንየው ችግኝ ጣቢያ ሥራ አግኝቷል፤ ቀኑን ሙሉ ከውሃና ከእርጥብ አፈር ጋር ነው ይላል። የቀረውን ዲከረንስ ቆሞ እንዳለ ሸጥነው። አታልቅሺ አለኝ ሲስመኝ። አላለቀስኩም። ባለቅስ ይቀር ነበር ብዬ እያሰብኩ ነው ያላለቀስኩት።

የካቲት 3

ወርቅአየሁ፣ «አባረርሻቸው አይደል?» አለችኝ። ራሳቸው ናቸው የሄዱት ብላት አላመነችኝም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

የካቲት 20

ማንም የማይሰማበት ቤት ውስጥ ሰውን መጠርጠር ይደክማል። ድመቷን ጠረጠርኩ፣ ወተቱን ነካች ብዬ። ወተቱን የነካሁት እኔ ነበርኩ።

መጋቢት 8

ከመጨረሻዋ ቅዳሜ ከቆጠርኩ ሦስት ወሩ ሞልቷል። ተመልሶ ተመርምሮ ይሆናል። አልደወሉም።

ለወርቅአየሁ ልጅ ስልክ ቁጥር ሰጥቼ፣ ዳንግላ ስትሄጂ እስቲ ቤታቸውን እይልኝ፣ ሆዷን እይልኝ፣ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት።

መጋቢት 24

እንየው ደወለ። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፣ ስለ ላሟ ጠየቀኝ። ሥራው ደህና ነው አለ። ድምፁ የደስተኛ ሰው ነው ወይስ ደስተኛ ለመምሰል የሚጥር ሰው? ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ፣ አልለየሁትም። ከኋላው የሴት ድምፅ አለ፣ ዕቃ እያጠበች ነው።

«ለውቢት ስጣት» አልኩት።

ሰጣት።

«አቤት» አለች።

ምን እንደምላት አላዘጋጀሁም ነበር። ልጠይቃት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥያቄው ጥርሴ ሥር ነበር። ዋጥኩት።

«ስለ ምርመራው» አልኩ፣ «ሲያሻሽ ንገሪኝ። ካላሻሽም ተይው። አልጠይቅሽም።»

ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እሺ» አለች።

የትኛውን እሺ እንዳለችኝ አልጠየቅኋትም።